በእኔ ደጃፍ ያለፈው ዓሣ

የቴሌሲያ እንግዳ ማረፊያ ከእኔ ማረፊያ ፊት ለፊት ነው፤ የሚለየን አንድ ጠባብ መንገድ ብቻ። ቴሌሲያ የወንድሜ ሚስት ናት። አውሮፕላኑ እዚህ ደሴታችን ፉናፉቲ ላይ ባረፈ ቁጥር ሻንጣ የያዘው ሁሉ ወደ እሷ በር ይታጠፋል፤ እኔ ጋ የሚመጣው መንገድ የጠፋበት ነው። እቀናለሁ፤ ምን እደብቃለሁ? አባቴ እንኳን እርጅናውን ይዞ የገባው እሷ ቤት ነው። «የቴሌሲያ ቤት ነፋስ ያገኘዋል» ይላል። የእኔን ቤት ነፋስ ምን አስቀየምኩት?

ጥፋቱ የወረቀትሽ ነው ይሉኛል። መንገደኛ ይወቀው ብዬ በእጄ ጽፌ በሩ ላይ የለጠፍኩት ነው። ትንኟ በቀን ነው የምትናከሰው፤ ትኩሳቷ አጥንት ይሰብራልና ክንዳችሁን ሸፍኑ። ፀሐይ ስትጠልቅ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ውሾች ይሰበሰባሉ፤ ብቻችሁን አትሂዱ። በውቅያኖሱ በኩል አትዋኙ። የታንከሩን ውሃ ሳታፈሉ አትጠጡ። ትልቅ ዓሣ ከየት እንደተጠመደ ሳትጠይቁ አትብሉ፤ ጭንቅላቱን ደግሞ ጨርሶ አትንኩ። ሐኪም ቤቱ አንድ ነው፣ አውሮፕላኑም በየቀኑ አይመጣም። እንግዳው ቆሞ ያነባል፣ ፊቱ ይገረጣል፣ መንገዱን ይሻገራል። ማዶ ቴሌሲያ በር ላይ የተንጠለጠለው የዛጎል ጌጥ ነው።

«አንቺ ማኬሊታ፣ እንግዳ ነው የምትቀበዪው ወይስ ቀብር የምታስፈጽሚው?» ትለኛለች እየሳቀች። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ወረቀቱን ግን አላነሳም።

አንድ ሰሞን የባሕሩን ከፍታ የምትለካ ጂሊያን የምትባል ሴት ከኒውዚላንድ መጣች። መጀመሪያ እኔ በር ላይ ቆማ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበች፤ ደብተሯ ላይም ገለበጠችው። አልጋውን አንጥፌ ጨርሼ ነበር። ከዚያ አመስግናኝ ተሻገረች። ለሦስት ሳምንት!

ቅዳሜ ጠዋት ዓሣ አጥማጁ ታቪታ ትልቅ ቀይ ዓሣ ተሸክሞ ደጄ ቆመ። ታቪታ ከሰሜን ደሴቶች ከመጣ ሁለት ወሩ ነው፤ የእኛን ባሕር ገና አያውቀውም።

«እትዬ ማኬሊታ፣ ይሄን እዪልኝ! ክንዴን ሊገነጥለው ነበር እኮ!»

«ከየት ነው?»

«መርከብ ከሚገባበት፣ ከሰባራው መርከብ ሥር።»

እኛ ከዚያ የወጣ አንበላም። መርከቡ የባሕሩን ድንጋይ ከሰባበረው ወዲህ የዚያ ዓሣ መርዝ ይዟል፤ ብትቀቅለውም ብትጠብሰውም አይለቅም። የአጎቴ ልጅ በልቶት ከንፈሩ ደንዝዞ፣ ቀዝቃዛ ውሃ እንደ ፍም እያቃጠለው ሦስት ወር ተኝቷል። የአጎቴ ሚስት ግን አልተነሳችም። ዓሣውን በዓይን አይተህ አትለየውም፤ ለዚህ ነው እኛ ሴቶች ከዋጋው በፊት ቦታውን የምንጠይቀው።

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ከማዶ የጂሊያን ሳቅ ተሰማኝ፤ አባቴም አብሯት ይስቃል። እኔ ቤት ሲመጣ ጥርሱ አይታይም።

«እኔ እንግዳ የለኝም» አልኩት። «ለቴሌሲያ ውሰድላት።»

አንዲት እንግዳ ብትታመምባት ወሬው በአውሮፕላን ይሄዳል ብዬ አሰብኩ። አባቴ ቅዳሜ ምሳውን ከሽማግሌዎቹ ጋር በአዳራሹ ነው የሚበላው፤ ወንድሜ መርከበኛ ነው፣ ከደሴቱ ርቋል። ቴሌሲያስ ብትበላ? አላሰብኩበትም ብል እዋሻለሁ።

እኩለ ቀን ላይ ከበሯ ተጣራች። «ማኬሊታ! ነይ እንጂ፤ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?»

ብቀር ትጠረጥረኛለች ብዬ ሄድኩ። አባቴ ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል፤ የሽማግሌዎቹ ስብሰባ ለሰኞ ተላልፏል። ዓሣው በኮኮናት ወተት ተሠርቶ ጎደሬ ከሚመስለው ፑላካ ጎን ቀርቧል። አባቴ የማዕዱን ጸሎት አድርሶ አሜን እንዳልን ቴሌሲያ ጭንቅላቱን አንስታ ለጂሊያን አቀረበች፤ በእኛ ዘንድ ጭንቅላት የእንግዳ ድርሻ ነው።

ጂሊያን ቀላች። «ይቅርታ፣ ጭንቅላት አልበላም። ማኬሊታ በር ላይ አንብቤያለሁ። ከየት እንደተጠመደም ጠይቁ ይላል። ከየት ነው?»

ቴሌሲያ ሳቀች። «አይዞሽ! እሷ ደጃፍ ቆሞ ነው የመጣው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ማኬሊታ ያሳለፈችውን እኔ ምን ብዬ እጠይቃለሁ? በዚህ ደሴት እንደ እሷ ዓሣ የሚያውቅ አለ እንዴ?» ጭንቅላቱን እኔ ፊት አኖረችው። «እንዲያውም የሚገባው ለእሷ ነው።»

ይህን ከአፏ ለመስማት ስንት ዓመት ተመኝቻለሁ። ያን ቀን ስሰማው ግን ከምንጣፉ ሥር መግባት አማረኝ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ሆዴን አሞኛል ብዬ ልነሳ አሰብኩ። አባቴ ግን እጁን ዘረጋ።

«እንግዲያው ዓይኑን ለእኔ፣ ልጄ። እሱ ጥርስ አይፈልግም» ብሎ በጣቱ አወጣው።

እጁን መታሁት። ድምፄን ከፍ አድርጌበት የማላውቀውን አባቴን መታሁት። ሳህኑ ተገለበጠ፣ ወተቱ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ።

«እንዳትበሉ! ከሰባራው መርከብ ሥር ነው!»

ማንም ገና አልቀመሰም ነበር። አባቴ እጁን እያሻሸ አየኝ። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ጠዋት።»

«ወደዚህ ሳትልኪው በፊት?»

«አዎ፣ አባዬ።»

ቴሌሲያ ተነሳች። ዓሣውን ጓሮ ቀብራ ተመለሰች፣ የቆርቆሮ ሥጋ ከፍታ ለአራታችን አካፈለች። እኔ መጉረስ አቃተኝ፤ እሷም ብዪ አላለችኝም።

ሰኞ መጥታ ወረቀቴን ገልብጣ ወሰደች። ቅጂው አሁን በሯ ላይ ከዛጎሉ ሥር ተለጥፏል። ከግርጌው አንድ መስመር ጨምራበታለች፦ «ዓሣ ከመብላታችሁ በፊት ፊት ለፊት ያለችውን ማኬሊታን ጠይቁ። እሷ ታውቃለች።»

እንግዶቿ በየቀኑ ዓሣ አጥማጁን አስከትለው ይመጣሉ። እጠይቀዋለሁ፣ እነግራቸዋለሁ፣ አመስግነውኝ ይሻገራሉ። ቴሌሲያ በሯ ላይ ቆማ መልሴን ትሰማለች። ከዚያ ወደ አጥማጁ ዞራ «ከየት ነው?» ብላ ደግማ ትጠይቀዋለች።