የኤጀታ ቁጥቋጦ

ኤጀታ ቸሩን የሰደበው አምና በጥቅምት፣ የልጁ የሶሬቲ ሽማግሌዎች የመጡ ዕለት ነው። እዚሁ አሜሪካ፣ ሜፕልዉድ ከተማ፣ እዚሁ የኤጀታ ግቢ፣ ሰው ሁሉ ሳህን ይዞ ቆሞ ሳለ፣ «ቸሩ ዘንድ የገባ ተክል እንደ ባለቤቱ ሳይደምቅ ይረግፋል» አለ። ሰው ሳቀ። ቸሩም ሳቀና ወጥቶ ቀረ።

ዛሬ የኤጀታ ሰልስት ነው። ጋራዡ ውስጥ ወንበር ተደርድሯል። ለቀስተኛው ሲገባ የመኪና መግቢያው ዳር ያለውን ቁጥቋጦ ያያል፤ ከመርገፉ በፊት የሚቀላው ቅጠሉ ቢጫው፣ ብርቱካኑ፣ ቀዩ በአንድ ግንድ ላይ እንደ እሳት ይነዳል። እጁ የተባረከ ነበር ይባባላሉ። አንዷማ እንባዋን ሳትጠርግ ፎቶ አነሣችው። ሰውዬው ሞቱንም አሳምሮ መረጠ አለ ቸሩ በሆዱ፤ ቅጠሉ በደመቀበት ሳምንት።

ቁጥቋጦውን ሁለቱ አብረው ነበር የገዙት። ሆስፒታል ጽዳት ይሠሩ በነበረ ጊዜ፣ ከሥራ ሲወጡ፣ ሁለት እኩያ ችግኝ። ሻጩ የጫካ ተክል ነው ስላላቸው ቸሩ የራሱን ከትልቅ ዛፍ ሥር ተከለው፤ ማዳበሪያ አበላው፣ እንደ ልጅ ተንከባከበው። ኤጀታ መንገድ ዳር ተክሎ ረሳው። የተረሳው ቀላ፣ የቸሩ በየዓመቱ ገርጥቶ ረገፈ። ቸሩም ችግኞቹን ከመኪና ስናወርድ ኤጀታ ጥሩውን መርጦ ወስዶብኛል ብሎ ደመደመ። ያን ቂም እስከ ዛሬ ይዞታል።

የኤጀታ ባለቤት ኢብሲቱ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ድምፅዋ በለቅሶ ተዘግቷል።

«ያንተስ ዘንድሮ ቀላ?»

«አልቀላም።»

«ጥላው ነው። ፀሐይ ካላገኘ አይቀላም፣ ከዛፉ ሥር ቢያወጣው ይል ነበር ኤጀታ።»

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«ራሱ ይጠይቀኝ ይል ነበር። ዘንድሮም ቅጠሉ መቅላት ሲጀምር፣ ይመጣል እያለ መስኮት ላይ ይቆም ነበር። ያን ቀን በሰው ፊት የተናገረህም ቆጭቶት ነበር። ግን ኩራቱ!» ዓይን ዓይኑን አየችው። «አንተስ ወንድሜ፣ አንድ ቀን ብትጠይቀው ምን ነበረበት?»

ቸሩ ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ። አንድ ለቀስተኛ መኪናውን አስጠግቶ ፓርክ አድርጎ ኖሮ፣ የቁጥቋጦው ቅርንጫፍ ከጎማው ጋር ተጣብቆ ጎብጧል። ቸሩ ተንበረከከ፤ ቅጠሉ እንዳይረግፍ በመዳፉ ደግፎ ቀስ እያለ አወጣው፣ አቃናው። ኢብሲቱ ከጋራዡ በር ላይ መልሱን ትጠብቃለች። የጉልበቱን አፈር ሳያራግፍ ሄደ።