ሦስት ሰው፣ ሦስት ዓይን

አለቃ ወልደ ገብርኤል ዓይን የሚሥሉት ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነበር። ልብሱ፣ እጁ፣ ጢሙ፣ ከራስ ጀርባ ያለው ቢጫ ብርሃን ሳይቀር ተጠናቅቆ ሸራው ለቀናት ዕውር ሆኖ ይቆያል። ከዚያ አንድ ጧት እጃቸውን ታጥበው ይቀመጣሉ። ለጻድቅ ሁለት ዓይን፣ ለኃጥእ አንድ። የተባረከው ፊቱን ለሰው ይሰጣል፤ የተረገመው ግን በጎን ይሣላል። ዘጌ ውስጥ ከአባታቸው የተማሩት ሥርዓት ይህ ነው። በጣና ዳር ባሉት ቤተ ክርስቲያኖች ያደገ ሰው ሁሉ፣ ፊደል ባይቆጥር እንኳ፣ ይህን ማንበብ ያውቃል።

ልጃቸው የሺመቤት ባሕር ዳር ከተማ አማርኛ ታስተምራለች። ከትምህርቶቹ ሁሉ አንዱን አብልጣ ትወዳለች፤ እማሬና ፍካሬ የሚባለውን። ጥቁር ሰሌዳውን በጠመኔ መስመር ከሁለት ትከፍለውና፣ «እማሬ ቃሉ ወይም ሥዕሉ የሚያሳየው ነገር ነው። ፍካሬ ደግሞ ሰሚው ወይም ተመልካቹ ከራሱ ኑሮ አውጥቶ የሚጨምርበት ነው» ትላለች። መስመሩን ሁልጊዜ በማስመሪያ ነበር የምታሰምረው።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ዘጠኝ ዓ.ም. የነሐሴ ወር ሊያልቅ ሲል ጓድ ሣህሉ ቤታቸው ድረስ መጣ። የከተማው ካድሬ ነው። ቀድሞ ዲያቆን እንደነበረ የማያውቅ የለም፤ የሚያነሣበትም የለም።

«አለቃ» አለ፤ ወዲያው አረመው። «ጓድ ወልደ ገብርኤል። ለአብዮት በዓል ገበያው ፊት ለፊት የሚቆም ሥዕል ያስፈልገናል። ጣውላውም ቀለሙም ከእኛ ነው።»

«የከተማው ሠዓሊዎች የት ሄዱ?»

«ሁለቱ ሸሹ። አንዱ ታስሯል።»

«እንግዲያማ ተራው የኔ ነዋ» አሉ አለቃ።

ሣህሉ ሊሥቅ ቃጣውና ተወው። የታተመ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሄደ። ማርክስ፣ ኤንግልስና ሌኒን ነበሩ፤ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፈው ሦስቱም ወደ ግራ ይመለከታሉ።

አለቃ ወረቀቱን አንዴ አቅርበው አንዴ አርቀው አዩት።

«የሺ፣ እነዚህ ሰዎች ለነሣህሉ ምናቸው ናቸው?»

«መምህሮቻቸው ናቸው፣ አባቴ። እጅግ ያከብሯቸዋል።»

«የሚያከብሯቸው ከሆነ ለምን በጎን ሣሏቸው? ሦስት ሰው፣ ሦስት ዓይን! እኔ ፊታቸውን ወደ ሰው እመልሳቸዋለሁ። የማላውቀውን ሰው በምን በደሉ አዋርደዋለሁ?»

የሺመቤት ደነገጠች። በዚያው ክረምት ቀይ ቀለም አልቆበት የአብዮቱን ኮከብ በቢጫ የቀባ አንድ ሰው ተወስዶ አልተመለሰም።

«አይሆንም። ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ይቅዱ። በጎን የዞረ ፊት በጎን የዞረ ፊት ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ዛሬ ሥዕልን እንደ እርስዎ የሚያነብ የለም።»

«አንቺ የተማርሽ ነሽ» አሉ አለቃ። «የሚያየው ግን ገበያተኛው ነው።»

«እባክዎን፣ አባቴ። ስለ እኔ ሲሉ።»

ስለ እርሷ ሲሉ ቀዱት። ዓይኖቹን ሲሥሉ ግን እጃቸውን እንዳልታጠቡ አየች።

ጣውላው ጳጉሜን አምስት ቀን፣ ቅዳሜ ጧት፣ ገበያው ሞልቶ ሳለ ቆመ። የሺመቤት ከአባቷ ጎን ቆማ ነበር። በታንኳ ማገዶ አምጥተው ከሐይቁ የወጡ ሁለት የዘጌ ሴቶች ሸክማቸውን አሳረፉና ቀና አሉ። አሮጊቲቱ አማተቡ።

«እመቤቴን! ጌታን የገረፉት ጭፍሮች አይደሉም እንዴ? ጅራፋቸውን የት ጣሉት?»

«ለልጆቻቸው አውርሰዋቸው ነዋ!» አለች ጓደኛቸው፤ ከሥዕሉ ሥር ጠመንጃ ይዘው የቆሙትን አብዮት ጠባቂዎች በአገጯ እያመለከተች።

አንድ ሰው ሣቀ። ሣቁ ከበርበሬ ተራ ወደ ጨው ተራ፣ ከጨው ተራ ወደ ከብት ተራ እየተሻገረ ሄደ። ጥቂቶች አማተቡ፤ አንዱ ምራቁን እንትፍ አለ። የሺመቤት የአባቷን ክንድ ያዘች። አለቃ «ነግሬሽ ነበር» ቢሏት ይቀላት ነበር። ከቀትር በኋላ ሁለት ታጣቂዎች መጥተው አለቃን ከቤታቸው ወሰዷቸው።

የሺመቤት የዘመን መለወጫን ዕለት አቤቱታ ስትጽፍ ዋለች። ሦስት ገጽ ሆነ። እያንዳንዱን ቃል አንሥታ መዘነች። ቅጂው ከዋናው ጋር ሲነጻጸር አንድ መስመር እንዳልተጨመረበት፣ አንድም እንዳልተቀነሰ አስረዳች። የታተመው ወረቀት ስድብ ካልሆነ ሥዕሉም ስድብ ሊሆን አይችልም። ከጽሑፉ ይልቅ የተማመነችው ግን በሌላ ነገር ነበር፦ ሣህሉ አባቷን ለመክሰስ የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት ማወቁን በራሱ አንደበት መናገር አለበት። ይህን አይደፍርም ብላ አሰበች።

በዓሉ ባለፈ ማግሥት ቢሮው ገባች። ሣህሉ ሦስቱንም ገጽ ሳይዘል አነበበ።

«ጥሩ ጽሑፍ ነው» አለ። «እውነትሽን ነው፤ ወረቀቱን የሣለው ሰው ጥፋት የለበትም። የኛን አገር ሥርዓት ከየት ያውቃል? አባትሽ ግን ያውቃሉ። እኔም ዲያቆን ስለነበርሁ አውቃለሁ። እንዳፍርበት ጠብቀሽ ኖሯል?»

ሦስቱን ገጽ ጠረጴዛው ላይ አስተካክሎ ደረበ።

«መስመሩ አንድ ነው፣ መምህርት። እጁ ነው የተለየ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፦ ሲሥሉት የአንድ ዓይን ትርጉም ጠፍቷቸው ነበር?»

የመዘነችውን ቃል ሁሉ ተወችው።

«ሁለት ሁለት ዓይን ሊሰጧቸው ነበር። ያስተውኋቸው እኔ ነኝ። እኔን ጻፈኝ።»

ሣህሉ ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣ። የአባቷን የቁም ጽሕፈት ከሩቅ ለየችው። «ማንም አልመከረኝም። የሚሆነውን እያወቅሁ በገዛ ፈቃዴ ሣልሁ።» አለቃ ሲዋሹ እስከዚያች ቀን አጋጥሟት አያውቅም ነበር።

«ልጅ ለአባቷ ምን የማትለው አለ?» አለ ሣህሉ። «እኔ የማምነው የተፈረመውን ነው።» ሦስቱን ገጾች አጥፎ መለሰላት።

እስር ቤቱ ሐይቁ ዳር ያለ አሮጌ መጋዘን ነበር። በየጧቱ ስንቅ በአገልግል ታደርሳለች፤ ባዶውን ትቀበላለች። ባዶ መሆኑ ብቻ ደብዳቤዋ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ዘበኛው አገልግሉን ሳይከፍት መለሰላት።

«ከነገ ጀምሮ ስንቅ አታመላልሺ።»

በዚያ ዘመን ይህን ቃል የሰማ ቤተሰብ ሬሳ አይጠይቅም፤ ድንኳን አይተክልም፤ ጮኾም አያለቅስም። ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። የሺመቤት ግን በሐይቁ ዳር ከዋርካዎቹ ሥር ቀስ እያለች ስትሄድ ዓረፍተ ነገሩን በታተነችው። ከነገ። ጀምሮ። ስንቅ። አታመላልሺ። የትኛው ቃል ነው ሞት የሚለው? ወደ ደብረ ማርቆስ ወስደዋቸው ይሆናል። ራሳቸው ሊያበሏቸው ይሆናል። አንድ ተማሪ በፈተና ላይ እንዲህ ብሎ ቢመልስላት ዜሮ ትሰጠው ነበር።

ቤት ስትገባ አባቷ ጀምረው የተዉት የቅዱስ ሩፋኤል ሥዕል ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆይቷታል። ክንፉ አልቋል፤ እጁ አልቋል። ዓይን አልተሣለለትም።

በማግሥቱ ጧት እንደ ወትሮው ሠርታ፣ ቋጥራ ሄደች። ዘበኛው ከሩቅ አወቃት።

«አልነገርሁሽም፣ እህቴ?»

«ነግረኸኛል። ምን ማለትህ እንደሆነ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

ዘበኛው ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። ከቆመችበት የሚታያት አንድ ዓይኑ ብቻ ነበር።