ከነሥሩ ነቅለህ አምጣ

መምህርቷ ልጃቸው የላከላቸውን ፎቶ በሁለት ጣት ሰፋ ሲያደርጉት ወዲያው አወቁት። ቢጫ አበባ፣ ጥርሳም ቅጠል፣ ከሳሩ መሃል ብቅ ያለ አረም። ዕድሜ ልካቸውን ባዮሎጂ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሴት ይህን ይስቱታል ማለት ዘበት ነው። ልጃቸው ግን መስመር ላይ ሆኖ መልስ ይጠብቃል።

"ታዲያ ምንድን ነው፣ እማዬ?"

"ከፎቶ አይለይም። ከነሥሩ ነቅለህ፣ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልለህ አምጣልኝ።"

"በቃ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ።"

ደስታቸውን ዋጥ አደረጉት። ልጁ ከተማውን ትቶ ላም ማርባት ከጀመረ ወዲህ ደጃፋቸውን የሚረግጠው የማያውቀው ሳር ሲያጋጥመው ብቻ ነው። ያን ጊዜ እንደ ልጅነቱ ጎናቸው ተቀምጦ፣ ቅጠሉ ከግንዱ የሚገናኝበትን በማጉያ መነጽር ያያል፣ በጣቱ አሽቶ ያሸታል። እሳቸውም መልሱን እያወቁ ሆን ብለው ያንዛዙታል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን የቸገረው ሳር የለም። ቤቱ ጭር ብሎባቸዋል፤ የሱን አልጋ ባነጠፉ ቁጥር ሆዳቸው ይባባል። አሁንም ስልኩን ሳይዘጉ የትኛውን አንሶላ እንደሚያለብሱለት ማሰብ ጀምረዋል።

"ሜዳው ላይ ሞልቶልሻል" አለ ልጁ እየሳቀ። "ነገ ጠዋት ላሞቹን እለቅበታለሁ፤ እስከ ቅዳሜ እነሱው ቀምሰው ይለዩት።"

የመምህርቷ እጅ ስልኩን ጭብጥ አደረገው። እነዚያ ላሞች ያለ የሌለ ጥሪቱ ናቸው። ከተናገሩ ደግሞ ቅዳሜ የሚባል ነገር የለም።

"እንዳትለቅ! መርዝ ነው፤ የከብት ጉበት ይጨርሳል። ጓንት አድርገህ ከነሥሩ ንቀልና አቃጥለው።"

"አሁን አይለይም አላልሽም እንዴ?"

"ዋሽቼህ ነው።"



"አይ እማዬ! ከብቶቼን ልታስፈጂኝ ነበር እኮ። በይ እንግዲህ፣ ዛሬውኑ ነቀላ ልጀምር። ቅዳሜም ከዚሁ አረም ጋር ስታገል ነው የምውለው።"

"ቆይ፣ አትዝጋው" አሉት።

እኚህ ሴት ልጃቸውን እንዲሁ በባዶ ሜዳ ና ብለው አያውቁም። ሁልጊዜ የሚያስመጣላቸው ሳሩ ነበር። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ ሲጠብቅ የከረመውን ማጉያ መነጽር አነሱና መሳቢያው ውስጥ ከተቱት።

"አረሙን ስትጨርስ ና" አሉት። "ምንም አትያዝ። ባዶ እጅህን ና፤ ናፍቀኸኛል።"