ይበላል ወይስ ይደፋ

ጌጃ ሰፈር ውስጥ በአንድ ጠባብ መግቢያ የሚገባበት ግቢ አለ። በዚያ ግቢ መብራት ጠፍቶ ባደረ ቁጥር፣ ፍሪጅ ያላቸው ሴቶች ሁሉ ወተታቸውን፣ አይባቸውን፣ ቅቤያቸውን ይዘው መሰለች በር ላይ ይቆማሉ። መሰለች እቃውን ትቀበላለች፤ ክዳኑን ትከፍታለች፤ ዓይኗን ጨፍና አንዴ ወደ ውስጥ ትስባለች። ከዚያ ትንፋሿን ይዛ ትቆያለች። ያቺ ዝምታ አጭር ብትሆንም ለባለእቃዋ አታልቅም። በመጨረሻ ከሁለት ቃል አንዱ ይወጣል፤ «ይበላል» ወይም «ይደፋ»። ይግባኝ የለውም።

ሹመቱን የሰጣት ሰው የለም። እናቷ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቅቤ ይቸረችሩ ነበር፤ እሷም ከጉልበታቸው ሥር ቁጭ ብላ የበሰለውን ከለጋው፣ ባዕድ ነገር የገባበትን ከንጹሑ በአፍንጫዋ እየለየች አደገች። ሌላው ሕፃን ፊደል ሲቆጥር እሷ ቅቤ ታሸት ነበር ማለት ነው። እድሜዋ ስልሳውን ሲጠጋም ይህችው አፍንጫ የግቢው ዳኛ ሆነች።

በጾም ጊዜ ደግሞ ሥልጣኗ ይብሳል። የሚጾም ሰው ምላሱን ለፍስክ ነገር ማበደር አይችልም፤ የፋሲካው ዶሮ ወጥ እንኳ ጨው መያዙ የሚታወቀው ድስቱ ላይ ጎንበስ ብሎ በማሽተት ነው። ስለዚህ ሁዳዴ ገብቶ እስኪፈታ ድረስ በዚያ ግቢ ስለ ወተት ነገር የመሰለች ቃል የመጨረሻ ነው።

በግቢው የማይጾመው ቤት አንድ ነው፤ የኢሊሊ ቤት። ኢሊሊ ጴንጤ ናት፤ ከነቀምት መጥታ ሰንጋ ተራ ካሉት ፎቆች በአንዱ ቢሮ ትሠራለች። ሦስት ዓመት የሞላትን ልጇን ሲፈንን ቀን ቀን ለመሰለች ትተዋለች። ሲፈን መሰለች የምታደርገውን ሁሉ የምታደርግ ልጅ ናት። መሰለች ነጠላዋን ስታስተካክል እሷ የቀሚሷን ጫፍ ትከሻዋ ላይ ትጎትታለች። ማንኪያ ከመጉረሷ በፊትም ዓይኗን ጨፍና ታሸታለች፤ ሴቶቹም በሳቅ ይፈርሳሉ።

ታዲያ ጥር ላይ መሰለችን ክፉ ጉንፋን ጣላት። እሷ ተነሣች፤ አፍንጫዋ ግን ተኝቶ ቀረ። መጀመሪያ አላወቀችም። አንድ ቀን ሽንኩርት ጥዳ ጀርባዋን ሰጥታ ልብስ ስታጣጥፍ፣ ጎረቤቷ ማናለብሽ ከማዶ «አንቺ! ቤቱ ነደደ እኮ!» ብላ ጮኸች። ዞር ስትል ቤቱን ጭስ ሞልቶታል፤ ድስቱ ጠቁሯል። እሷን ግን ምንም አልሸተታትም። «እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ነው» አለች። የመጀመሪያዋ ውሸት ያቺ ናት።

ዳማከሴ አሸችበት፤ ፌጦ በሎሚ ሳበችበት፤ ነጭ ሽንኩርት አላመጠች። የጤና ጣቢያው ሐኪም «ጊዜ ይፈልጋል» አላት፤ ስንት ጊዜ እንደሚፈልግ ግን አልነገራትም። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ነገሩ ኩራት ብቻ አልነበረም፤ ፈርታ ነው። ባሏ ከሞተ፣ ልጆቿም የየራሳቸውን ጎጆ ከቀለሱ ወዲህ፣ ሰው በሯን የሚያንኳኳው አፍንጫዋን ብሎ እንደሆነ ታምናለች። አፍንጫው ከሄደ በሩን ማን ያንኳኳዋል?

ስለዚህ ዘዴ ዘየደች። ክዳን ከፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እንደ ወትሮው ትስባለች፤ ፍርዱን ግን የምትሰጠው ዓይኗን ስትገልጥ ነው። አይብ ላይ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ነጠብጣብ ካየች ነገሩ አልቋል። በጣቷ ስትነካው ከተዝለገለገም እንደዚያው። ወተት ሲሆን «እስቲ አፍዪው» ትላለች፤ ሲፈላ ከተቋጠረ ወተቱ ራሱ መሰከረ። ምልክቶቹ እውነተኛ ናቸው፤ ችግሩ ዘግይተው የሚመጡ መሆናቸው ነው። ምግብ ለዓይን ሳይበላሽ ለአፍንጫ ይበላሻል። እናም ምልክት ባጣች ቁጥር መሰለች አንዱን ቃል ብቻ ትናገር ጀመር፦ «ይደፋ»።

ይህም በሰው ዘንድ አስመሰገናት እንጂ አላስነቀፋት። «ከመታመም መድፋት ይሻላል» እየተባለ ስንት ደህና ወተት ወደ ቱቦ ፈሰሰ።

የማናለብሽ ጉዳት ግን በወተት አላበቃም። ማናለብሽ ሸኖ የምትኖር ኮከቤ የምትባል ታናሽ እህት አለቻት። ኮከቤ በቅበላ ሳምንት በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ አይብ ይዛ መጥታ፣ አንድ ሌሊት አድራ ተመለሰች። በማግስቱ መብራት ጠፋ። ማናለብሽ አይቡን አቅፋ ወደ መሰለች መጣች። መሰለች ገለጠችው፤ ነጭ ነው፤ አልተዝለገለገም። አጎንብሳ ሳበች፤ ምንም የለም፤ ባዶ። በዚያ ሳምንት የሚበላው የመጨረሻው የፍስክ ምግብ ነው፤ ቤት ሙሉ ሰው ቢታመምስ? «ይደፋ» አለች።

ማናለብሽ ለእህቷ ደወለች፤ እንደ እህት ነገሩን ሳታለሰልስ ተናገረች። ኮከቤም እንደ እህት መለሰች። «የተበላሸ ነገር አቅፌ ይህን ሁሉ መንገድ የምመጣ መስዬሻለሁ?» አለች። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። በኋላም የማናለብሽን ስልክ ማንሳት ተወች፤ ለፋሲካ እንደማትመጣም በሰው ላከችባት። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይባላል፤ እዚህ ግን አፍንጫው የመሰለች፣ ዓይኑ የማናለብሽ ነበር። መሰለች ጎረቤቷ ስታለቅስ አጽናናቻት። ያጽናናችበትንም አፍ ያኔ ጠልታዋለች።

ሕማማት ገባ። ማክሰኞ ዕለት ኢሊሊ ሲፈንን በጠዋት አመጣቻት። ልጅቷ ሆዷን አሟት ሰንብታ ገና መዳኗ ነው።

«እማማ መሰለች፣ ከእርጎ በቀር ምንም አልበላም ብላለች» አለች ኢሊሊ የታሸገ እርጎ እያቀበለቻት። «መብራት ማታ ሄዶ ነበር፤ እንግዲህ አሽተው ይስጧት። ባለፈው የደፉት እኮ ከተገዛ ገና አንድ ቀኑ ነበር፤ ያ ባለሱቅ ሳያታልለኝ አልቀረም።»

«ኧረ ግድ የለም፣ አንቺ ሂጂ» አለች መሰለች።

ረፋዱ ላይ ሲፈን ማልቀስ ጀመረች። ዳቦውን ገፋች፤ ሾርባውን ገፋች፤ እርጎ አለች። መሰለች እቃውን አነሣች። ጊዜው አላለፈም ይላል ጽሑፉ፤ ጽሑፉ ግን መብራት መጥፋቱን አያውቅም። ክዳኑ በትንሹ አበጥ ብሏል፤ ሙቀት ይሆናል አለች። ከላይ አጓት አቅርሯል፤ እሱ በደህናውም እርጎ ላይ ይኖራል። አሸተተች። ባዶ። እርጎ አስቸጋሪ ነገር ነው፤ አፍልተሽ አትፈትኚው፤ ሲጀመርም የኮመጠጠ ነው።

ልትደፋው ወደ በሩ ሁለት ጊዜ ሄደች። ሁለት ጊዜም የልጅቷ ልቅሶ መለሳት። ደፍታ ደፍታ ሕፃኗን ልታስርባት ነው? በሰሙነ ሕማማት ደግሞ በየሱቁ እርጎ እንደ ልብ አይገኝም። ቆማ አሰበች። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ላለማየት ፊቷን አዙራ፣ ማንኪያውን ነክራ ቀመሰች።

ከልጅነቷ ጀምሮ ሁዳዴን ገድፋ አታውቅም። እርጎው ኮመጠጣት። ሌላስ? ሌላ ምንም። ምላሷ ላይ ኮምጣጣ ነገር ተቀመጠ እንጂ ጥሩ ይሁን መጥፎ አልነግር አላት። ለካ ሰው አብዛኛውን የሚቀምሰው በአፍንጫው ኖሯል። ጾሟን ገደፈች፤ ያወቀችው ነገር ግን አልነበረም።

«ደህና ነው መሰለኝ» አለች ለራሷ፣ ደህና እንዲሆን ፈልጋ። ማንኪያውን ሞልታ ወደ ሲፈን አቀረበች።

ሲፈን እንደ ልማዷ ዓይኗን ጨፈነች፤ አሸተተች። ወዲያው አፍንጫዋን ሸብሽባ ፊቷን አዞረች። «ይደፋ» አለች።

መሰለች አልሰማቻትም፤ ማለትም ሰምታ ናቀቻት። ልጅቷ ጁሱንም፣ ዳቦውንም፣ መድኃኒቱንም «ይደፋ» የምትል ናት። ከጥር ወዲህ በዚያ ቤት ሌላ ቃል አልሰማችማ። «ነይ እንጂ የኔ እናት፣ አንዴ ብቻ» እያለች አገጯን ይዛ ማንኪያውን ከንፈሯ ላይ አደረሰችው።

በሕማማት መሳሳምም የእጅ ሰላምታም የለም፤ ሰው ጎረቤት ሲገባ እንኳ «እንደምን ዋላችሁ» አይልም። ማናለብሽ ከስግደት ስትመለስ እንዲሁ ዝም ብላ ገባች። ደፉ ላይ ስትደርስ ግን ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጣል አደረገች።

«ኧረ በስመአብ! ምንድነው እንዲህ የቀረናው?»

የመሰለች እጅ አየር ላይ ቀረ። ማናለብሽ ማንኪያውን አየች፤ ልጅቷን አየች፤ በመሰለች ከንፈር ላይ የቀረውን ነጭ ነገርም አየች። መጥታ ማንኪያውን ከእጇ ተቀበለቻት። ስለ ጾሙ አንድ ቃል አልተናገረችም። መሰለችን ሠላሳ ዓመት ታውቃታለች፤ ማሽተት የምትችል መሰለች በሕማማት እንደማትቀምስም ታውቃለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለቻት።

መሰለች መሬት መሬት አየች። «ከጥር።»

ማናለብሽ እርጎውን ውጭ ደፍታ ተመለሰች። ተቀመጠች። ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባት ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። «ቅበላ ከጥር በኋላ ነው» አለች።

«አዎ።»

«የኮከቤ አይብ።»

«አዎ፣ ማንዬ።»

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። መሰለች ግን አለቀሰች። ማናለብሽ አላባበለቻትም። ስልኳን አውጥታ የኮከቤን ቁጥር አሳየቻት። «የኔን አታነሣም። በራስሽ ስልክ ደውለሽ ንገሪያት፤ ቁጥሩ ይኸውልሽ» አለች።

ኮከቤ አነሣች። መሰለች ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት።

«እንግዲህ አይቡ ደህና ነበር ነው የምትዪኝ?» አለች ኮከቤ።

መሰለች ማናለብሽን አየቻት። ማናለብሽ በዓይኗ ትለምናታለች፤ «አዎ» ብትል ሁለቱ እህቶች በዚያች ቃል ይታረቁ ነበር። መሰለች ግን እስከዛሬ የተናገረችውን ሁሉ እንዲሁ ሳታውቅ ነው የተናገረችው።

«አላውቅም» አለች። «አልሸተተኝም። ደህና ይሁን አይሁን አላውቅም ኮከቤ።»

«እኔ ግን አውቃለሁ» አለች ኮከቤ። «በመጣሁበት ዕለት ጠዋት ያወጣሁት ነበር።» ስልኩ ተዘጋ።

ማታ መሰለች ኢሊሊን ግቢው በር ላይ ጠብቃ ነገረቻት። ኢሊሊ ልጇን ብድግ አድርጋ አቀፈቻት፤ ግንባሯን፣ ሆዷን ዳሰሰቻት። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ለምን አልነገሩኝም እማማ መሰለች? እኔ እኮ አልጾምም። እቀምስልዎት ነበር» አለች።

በዚያ ግቢ ስንት ጾም ገብቶ ሲወጣ፣ በመጨረሻው ቤት የማይጾም ምላስ እንዳለ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። በማግስቱ ኢሊሊ ሲፈንን ይዛት ወደ ቢሮ ሄደች። ሐሙስም፣ ዓርብም እንደዚያው። ወሬው ግቢውን አዳርሶ የመሰለችን በር ያንኳኳ አልነበረም። የፈራችው ደረሰ፤ የገረማት ግን የናፈቀቻት አይብና ቅቤ ይዘው የሚመጡት ሳይሆኑ ሲፈን መሆኗ ነው።

ቅዳሜ ሹር ከሰዓት በኋላ ኮከቤ ሳትደውል መጣች። ደጁ ላይ ቆማ ለእህቷ «አልመጣም ያልኩት ተናድጄ ነው» አለቻት፤ ሁለቱም ከዚያ በላይ ስለ ነገሩ አልተነጋገሩም። በኮባ የተጠቀለለውን አይብ አወጣች። ማናለብሽ ከልማድ የተነሳ ጥቅሉን ወደ መሰለች ዘረጋች፤ ከዚያ እጇን ልትመልስ አለች። መሰለች ግን ተቀበለቻት። ነጠላዋን አስተካክላ ግቢውን አቋርጣ፣ እስከዛሬ እቃ ይዛ ቆማበት በማታውቀው በር ላይ ቆማ አንኳኳች።

ኢሊሊ ከፈተች።

«ቅመሽልን ብዬ ነው» አለች መሰለች። «እኛ እንደምታውቂው ነን።»

ኢሊሊ አየቻት። አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። ማንኪያ አምጥታ ከዳር ቆንጠር አድርጋ ቀመሰች፤ አላመጠችው። ኢሊሊ ገና ፍርዷን ሳትሰጥ፣ ሲፈን ከኋላዋ በእግሯ ሥር ሾልካ ወጣች፤ ማንኪያውንም ከእናቷ እጅ ወሰደች። አይቡን ጨለፈች። ሲፈን ዓይኗን ጨፍና አንዴ ወደ ውስጥ ሳበች። ትንፋሿን ይዛ ቆየች።

«ይበላል» አለች።

ከዚያ ማንኪያውን ወደ መሰለች አፍ ዘረጋች። መሰለች ጎንበስ ብላ ግንባሯን ልጅቷ ግንባር ላይ አደረገች። «ነገ፣ የኔ እናት» አለቻት። «ዛሬ አንቺ ብዪልኝ።»