የጎረቤት ጉልበት

የሰፈራችን አዛውንቶች ውሸታሞች ናቸው። ይህን የምለው በንቀት አይደለም፤ በጥናት ነው።

ጤና ጣቢያው ታድሶ ሲከፈት የአረጋውያን መከታተያ ክፍል ከምድር ቤት ተነሥቶ ፎቅ ላይ ወጣ። የለቀቀው ሰፊ ክፍል ምንጣፍ ተነጠፈለትና የኃላፊው ቢሮ ሆነ። ሊፍት የለም። ያለው የእኔን ጉልበት እንኳ የሚፈትን ጠመዝማዛ ደረጃ ነው። እኛ የሒሳብ ክበብ ተማሪዎች አቤት ልንል ብንሄድ ኃላፊው በፈገግታ ተቀበሉን። "እስከ ዛሬ ቅሬታ ያቀረበ አንድም አዛውንት የለም። ማስረጃ ካላችሁ አምጡና በስብሰባ እናየዋለን" ብለው በፈገግታ ሸኙን።

ከዚህ የቀለለ ምን አለ? እኔና በቁመቱ ምክንያት ቀጭኔ የምንለው ጓደኛዬ መጠይቅ አዘጋጅተን ቤት ለቤት መዞር ጀመርን። ዋናው ጥያቄያችን "ደረጃ መውጣት ይከብድዎታል?" የሚል ነበር። የጀመርነው ከገዛ አያቴ ነው።

"እኔን?" አለች፣ የሰደብናት ይመስል። "ምን ሆኜ? እኔ እንዲያውም ደረጃ ደስ ይለኛል።"

ይህን የምትለው ከሱቅ ስትመለስ መንገድ ላይ ሁለቴ አርፋ፣ ትንፋሿ ገና ሳይመለስ ነው። ቀጭኔ እኔን አየኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ። "አይከብደኝም" የሚለው ላይ ምልክት አደረግን።

ጎረቤታችን ጡረተኛው ልብስ ሰፊ ደግሞ ባሰባቸው። "እንኳን ደረጃ ተራራ አልፈራም፣ ልጄ" አሉና ሊሸኙን ሲነሡ ወንበሩም አብሯቸው ተነሣ። መደገፊያውን አልለቀቁትም ነበር።

የቀሩትም እንዲሁ ናቸው። ወገቡ የጎበጠውም ደህና ነው፤ እግሯ ያበጠባትም ተመስገን ባይ ናት። ስንደምረው በሰፈሩ ጉልበቷን የሚያማት ሰው እኔ ብቻ ሆንኩ። ኃላፊው ይህን ወረቀት ቢያዩ ሌላ ፎቅ ይጨምሩልን ነበር።

ማታ በራት ሰዓት ለአያቴ አማረርኩ። "ሁሉም ደህና ነኝ ነው የሚሉት።"

"ሁሉም? ልብስ ሰፊውም?" አለችና ማንኪያዋን አስቀምጣ ሳቀች። "እሱማ ደረጃው ሥር ሲደርስ የጫማውን ማሰሪያ ለማሰር ጎንበስ ይላል። ጫማው እኮ ማሰሪያ የለውም!"

እዚያው ጠረጴዛው ላይ ጥያቄውን ሰርዤ አዲስ ጻፍኩ፦ "ጎረቤትዎ ደረጃ መውጣት ይከብዳቸዋል?"

በማግስቱ የሆነውን አትጠይቁኝ። ትናንት በር ላይ የሸኙን ሰዎች ዛሬ ወንበር ስበው አስቀመጡን፤ እንሂድ ብንልም አልለቅ አሉን። ጡረተኛው ሹፌር ፎቅ ውጣ ሲባል "መኪናዬን የሚጠብቅልኝ የለም" ብሎ ይመለሳል አሉ። መኪናውን ከሸጠው ቆይቷል። ወረቀቱ ሞልቶብን በጀርባው መጻፍ ጀመርን። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለካ ለጥናት እንዲህ ይጠቅማል።

መጨረሻ ላይ ልብስ ሰፊው ቤት ደረስን። የአያቴን ነገር ስጠይቃቸው መነጽራቸውን አውልቀው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ከእኔ ሰማሁ እንዳትዪ።"

"ስም አንጽፍም" አልኩ።

"ደረጃው መሃል ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ የምታነብ መስላ ትቆማለች። ከዚያ ትመለሳለች። ክፍሉ ወደ ላይ ከወጣ ወዲህ ግፊቷን ተለክታ አታውቅም። ኪኒኑ እንዳያልቅባት በቢላ ለሁለት እየከፈለች ነው የምትውጠው።"

መሣቄን አቆምኩ። የምንኖረው አንድ ቤት ነው። ያለን ቢላም አንድ ነው፤ እኔ ሽንኩርት እከትፍበታለሁ። መጀመሪያ አፈርኩ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ፣ ከዚያ ግን በጣም ፈራሁ። ቀጭኔ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ እሱ ጻፈልኝ።

ቤት ስገባ "ኪኒንሽን እየወሰድሽ ነው?" አልኳት።

"በደንብ" አለች።

የስብሰባው ቀን አዛውንቶቹ የክት ልብሳቸውን ለብሰው የጤና ጣቢያውን አዳራሽ ሞሉት። ኃላፊው ጥናታችንን ገለጥ ገለጥ አደረጉና "ይሄ ጥናት አይደለም፤ ሐሜት ነው" አሉ። እውነት ለመናገር ብዙም አልተሳሳቱም። ቀጠሉና ወደ ተሰብሳቢው ዞሩ።

"ባለጉዳዮቹ እዚሁ አሉ። እስቲ ደረጃው የሚከብደው ሰው እጁን ያውጣ።"

ማንም አላወጣም። አያቴማ ጭራሽ እጆቿን ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተች። ኃላፊው ያቺን ፈገግታቸውን አመጡ። ክፍሉ እዚያው ፎቅ ላይ ሊቀር ነው፤ ግማሽ ኪኒኑም ወደ ሩብ ሊወርድ ነው። ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

"አንድ ጥያቄ ልጨምር። ደረጃው የሚከብደው ጎረቤት ያለውስ?"

መጀመሪያ የልብስ ሰፊው እጅ ወጣ። ከዚያ የአያቴ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። አያቴ ማንም እንዳይስት ብላ በሌላው እጇ ወደ ልብስ ሰፊው እየጠቆመች ነበር፤ የእሳቸው ጣት ወዴት እንደሚጠቁም ያየችው ዘግይታ ነው።

"እኔን ነው?"

"አንቺን ነው። አንቺስ እኔን አይደል?"

"የአንተማ የታወቀ ነው።"

"የኪኒኑንም ልናገር?"

የሚጠቁመውን እጇን ወደ ሹራቧ ኪስ መለሰች። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንዱ የሌላው ጎረቤት ነው፤ ኃላፊው ይህን ለመደመር የሒሳብ ክበብ አላስፈለጋቸውም። ፈገግታቸውን አጥፈው "እሺ፣ ይውረድ" አሉ።

ክፍሉ ወረደ፤ ቢሮው ወጣ። ምንጣፉን ተሸክሞ ያወጣው ቀጭኔ ነው፣ በደስታ። አሁን አሁን ኃላፊው ራሳቸው ደረጃው መሃል ላይ ቆመው ማስታወቂያ ሲያነቡ ይታያሉ።

አያቴ በመጀመሪያው ቀን "እኔማ ምንም የለብኝ፤ እሱን ላድርስ ብዬ ነው" ብላ ከልብስ ሰፊው ጋር ሄደች። ስትመለስ ቦርሳዋ ውስጥ አዲስ ኪኒን ነበር። ጠረጴዛው ጋ ጠራችኝና አንዱን መዳፏ ላይ አድርጋ አሳየችኝ።

"ሙሉ ነው። አየሽ?"

"አየሁ።"

ዋጠችው፤ ውኃ ጠጣችበት። "ሁለተኛ የእኔን ነገር ጎረቤት እንዳትጠይቂ። እኔን ጠይቂኝ።"

"እሺ። ጉልበትሽስ እንዴት ነው?"

"ደህ..." ብላ ጀመረችና አቆመች። እኛንና ልብስ ሰፊውን የሚለየውን ግድግዳ አየት አደረገች፤ ወደ ጆሮዬም ጠጋ አለች።

"ያመኛል" አለች፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ቀስ ብላ።