ድክመቱን ንገሪን

«ሰው ምን ይለናል?» አለ አጎቷ የጓዳው በር ላይ ቆሞ። «የወንድሜ አፈር ገና አልደረቀም፤ ልጁ ለቃለ መጠይቅ ትኳኳላለች?»

ሚጣ እንኳን ልትኳኳል ፊቷንም የታጠበችው እናቷ ጎትታት ነው። ጥቁር ቀሚሷንም በእርጥብ ጨርቅ ያበሰችላት እናቷ ናት። ሳሎኑ በለቀስተኛ ተጨናንቋል። የኪራይ ወንበሮች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል፣ ሻይ ይዞራል፣ አልቅሰው የወጣላቸው ስለ ኑሮ ውድነት ጀምረዋል።

አጎትየውን ያሳሰበው የሰው አፍ አይደለም። ወንድሙ ከሞተ የቤቱን ኪራይ የሚከፍል እንደሌለ ከሁሉም ቀድሞ የገባው እሱ ነው። ገና ሬሳው ሳይወጣ ከራሱ ሱቅ ጀርባ ያለችውን ዕቃ ቤት ጆንያውን አስወጥቶ አስጠርጓታል። እናትየዋ እዚያ ታድራለች፣ ሚጣ ባንኮኒው ላይ ትቆማለች፤ ደመወዝ የሚባል ነገር የለም፣ ዘመድ አይደሉ እንዴ? «ለእናንተው ብዬ ነው» ይላል። ሚጣ ዛሬ የባንኩን ቃለ መጠይቅ ካለፈች ይሄ ሁሉ ይቀራል። ካላለፈች እናትና ልጅ ጓዛቸውን ጠቅልለው ጆንያው የነበረበት ይገባሉ።

«ትሄዳለች» አለች እናቷ። «እሱ ቢኖር ራሱ እየገፋ ይሰዳት ነበር።»

እውነቷን ነው። እየገፋ፣ እየሰደበም።

ሟቹን ሁሉም ማናጀሩ ነበር የሚሉት። የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ አርጅቶ ጡረታ ሲወጣ ወንበሩን መልሶ ማዕረጉን ይዞት ቤት ገባ፤ ሚስቱ እንኳ በስሙ ጠርታው አታውቅም። ሳሎን የተቀመጡት ከንፈራቸውን እየመጠጡ «ቀጥ ያለ ሰው ነበር» ይላሉ። ቀጥ ያለስ ነበር። የመጥረጊያ እንጨትም ቀጥ ያለ ነው።

ሚጣ በሦስት ባንኮች ተፈትና በሦስቱም ወድቃለች። ከመጀመሪያው ውድቀት በኋላ ማናጀሩ ልጄ ማለቱን ተወና «አመልካች» ይላት ጀመር። በየምሽቱ ከራት በፊት ክራቫቱን አስሮ የምግብ ጠረጴዛው ራስ ላይ ይቀመጣል፤ ግራና ቀኙ ሌሎቹ ፈታኞች የሚቀመጡባቸው ሁለት ባዶ ወንበሮች አሉ። «አመልካች ይግባ» ሲል ሚጣ ታንኳኳለች፣ ትገባለች። ገና ሁለት እርምጃ ሳትራመድ «ውጪ» ይላታል። «ስትገቢ ትከሻሽ ይቅርታ ይጠይቃል። እንደገና።» ራቱ ይቀዘቅዛል፣ እናቷ ማማሰያዋን እንደያዘች ትቆማለች፣ ሚጣ ትወጣለች፣ ትገባለች። ተቀመጪ ሳይባሉ አይቀመጡም። እጅ ጉልበት ላይ። ከመመለስ በፊት ምራቅ መዋጥ። በመጨረሻም «ያላወቅኩት ካለ ለመማር ዝግጁ ነኝ» ማለት። ቅርንጫፉ ውስጥም ለዕድገት የሚፈተን ሠራተኛ ሁሉ በዚህ ወፍጮ ነበር የሚያልፈው።

የምትጠላው ግን አንዱን ጥያቄ ነበር፦ ድክመትሽን ንገሪን። ትዕግሥት ያንሰኛል ብትል፣ ሰው ፊት እፈራለሁ ብትል፣ ምንም ብትል መልሱ አንድ ነው። «ይሄ ትንሹ ነው። ሌላ።» እስክታለቅስ ድረስ ሌላ፣ ሌላ ይላል። ስታለቅስ ክራቫቱን ፈትቶ ራት ያስቀርባል።

ሊሞት ሲል እንኳ አልተዋትም። የመጨረሻው ቀን ጠዋት በዓይኑ ጠራትና የሸሚዟን ኮሌታ አቃናላት። ሚጣ አሁንስ ልጄ ሊለኝ ነው ብላ ጎንበስ አለች። «አሁንም ትከሻሽ» አላት።

ስለ ማናጀሩ ለቀስተኛው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ጡረታ ሊወጣ ሲል ዋናው መሥሪያ ቤት ላለ ሹመት ተወዳድሮ ልጆቹ የሚሆኑ ፈታኞች ጥለውት ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤት ይገባል፣ ቧንቧውን ለቀቅ ያደርጋል፣ መስታወቱ ፊት ቆሞ ራሱን ይፈትናል። በወፍራም ድምፅ ይጠይቃል፣ በቀጭን ድምፅ ይመልሳል። መጨረሻ ላይ በወፍራሙ ድምፅ «እናመሰግናለን፤ አላለፉም» ይልና ያለቅሳል። የውሃው ድምፅ የሚሸፍንለት መስሎት ነበር። እናትና ልጅ ፎጣ ይዘው ከበሩ ውጭ ቆመው ሁሉንም ይሰሙ ነበር።

«ይሄን የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን» አለቻት እናቷ አንድ ቀን፣ ክንዷን ጨምድዳ ይዛ። «መስማታችንን እንኳ ሳያውቅ ይሙት።»

ሳያውቅ ሞተ። እናትየዋ በትዳር ዘመኗ ከሠራችው ሁሉ የምትኮራው በዚህ ነው።

የባንኩ ኮሪደር በሽቶ ታውዷል። አመልካቾቹ ፋይላቸውን ታቅፈው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ጥቁር የለበሰችውን ሲያዩ ደግሞ ገሸሽ ይላሉ፣ ሐዘን የሚጋባ ይመስል። ተራዋ ደረሰ። አንኳኳች፣ ገባች፣ ቁጭ ይበሉ እስክትባል ቆመች። ፈታኞቹ ሦስት ናቸው፦ አንድ ወጣት፣ አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት፣ መሃል ላይ ደግሞ ራሰ በራው ሰብሳቢ። ስለ ትምህርቷ ጠየቋት። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ምራቋን ውጣ መለሰች፤ ሳያስተውሉት አይቀሩም፣ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያው የለመደችው ውድቀት እየመጣ መሆኑ ታወቃት። «ያላወቅኩት ካለ ለመማር ዝግጁ ነኝ» ብላ ስትጨርስ ግን ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ይሄን ማን ነው ያስተማረዎት?»

«አባቴ።»

«የማናጀሩ ልጅ ነሽ» አለ፤ አንቱታው እዚያው ቀረ። ወደ ባልደረቦቹ ዞሮም ወጣት ገንዘብ ያዥ ሳለ ይሄ ሰውዬ በደንበኛ ፊት እንዴት እያስወጣ እንዳስገባው፣ ዘበኛው እንኳ እንዴት እንዳዘነለት እየሳቀ ተረከላቸው። ፊቱ ይስቃል እንጂ አንገቱ ቀልቶ ነበር። «ለመሆኑ ደህና ነው?»

«አረፈ። ሦስት ቀኑ ነው።»

ሴትየዋ ነፍስ ይማር አለች። ሰብሳቢውም ነፍስ ይማር አለና ወንበሩን ወደፊት ሳበ።

«አመልካቾችን ሁሉ ድክመታቸውን እንጠይቃለን። አንቺን አልጠይቅም፤ እሱ ጨርሶታል። የእሱን ድክመት ንገሪን።»

ሴትየዋ ልትናገር ስትል በእጁ አስቆማት። ስለ አለቃ በግልጽ መናገር መቻልም ይመዘናል አለ።

ሚጣ ምራቋን ዋጠች። አሁኑኑ ብድግ ብላ መውጣት ትችል ነበር። ዕቃ ቤቷ ታየቻት፤ እናቷ የተጠረገው ሲሚንቶ ላይ ፍራሽ ስታነጥፍ ታየቻት።

«ትዕግሥት ያንሰው ነበር» አለች።

«ይሄ ትንሹ ነው» አለ ሰብሳቢው። «ሌላ።»

ቃሉን ስትሰማ የሆነ ነገር ተበጠሰባት። መስታወቱን ተናገረች። ቧንቧውን ተናገረች። ድምፅዋ መንቀጥቀጡን ትቶ ነበር፤ ዕድሜዋን ሙሉ እንደዚያ ቀጥ ብላ ተናግራ አታውቅም። ወፍራሙንም ቀጭኑንም ድምፅ አስመሰለች። «እናመሰግናለን፤ አላለፉም» ስትል መጀመሪያ ወጣቱ አፉን ይዞ ፈነዳ፤ ቀጥሎ ሰብሳቢው እንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ ነፍስ ይማር ያለችውም ሴት መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። ሚጣንም ደስ አላት። መዋሸት አያስፈልግም፣ ደስ አላት። ለቅሶውንም ጨመረችላቸው፤ እንዴት ሳግ እንደሚይዘው አሳየቻቸው።

«ማስታወቂያው እስኪወጣ እናትሽን አታስጨንቂያት» አላት ሰብሳቢው፣ ዓይኑን እየጠረገ። «አልፈሻል።»

ደስታው አብሯት የቆየው እስከ ታክሲው ድረስ ነው። ወንበሯ ላይ ስትደላደል የአባቷ ቀጭን ድምፅ በራሷ አፍ ውስጥ እንዳለ ተሰማት። ለምን ተነስቼ አልወጣሁም አለች፤ መልሱን ታውቀው ነበር።

እናቷ ጓዳ ጠበቀቻት።

«ምን ጠየቁሽ?»

«ስለ አባባ። ሰብሳቢው እሱ ሥር የሠራ ሰው ነው።»

የእናቷ ፊት በራ፤ ሚጣ ከሐዘኑ ወዲህ እንዲህ ሆና አላየቻትም። «አላሳፈርሽውም አይደል?»

«አላሳፈርኩትም።»

«አለፍሽ?»

«አለፍኩ።»

ማን ይያዛት። ሚጣን እየጎተተች ሳሎን ይዛት ገባች። ሞቶም ልጁን አስቀጠራት አለች፤ አለቆቹ ፊት ስለ እሱ አፏን ሞልታ ተናገረች፣ በስሙ አለፈች አለች። ለቀስተኛው እንደ አዲስ አለቀሰ። አጎትየው ተነስቶ አቀፋትና ድሮም አውቅ ነበር አለ። አንድ ሽማግሌ ምን እንዳለቻቸው ትንገረን ቢሉ እናቷ አስጥላት፣ ዛሬ ደክሟታል አለች።

ከዚያ የልጇን ፊት በሁለት እጇ ያዘች።

«ይሄ ስለ አባትሽ የተናገረ አፍ ይባረክ» አለችና ከንፈሯን ሳመቻት። የእናቷ ከንፈር በእንባ ጨው ጨው ይል ነበር።

ወንበር ለቀቁላት፣ ሻይ አመጡላት። ሚጣ አልጠጣችም። ማንም በማያያት ሰዓት ከንፈሯን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ደግማ ጠረገች።