ጋሼ ባይሳ ከጦጣ ጋር ሲወዳደሩ

ሱሉልታ ባለው የጦጣ ምርምር ማዕከል ከእኔ በላይ የሚፈለግ ሰው የለም። መታወቂያዬ «የእንስሳት ተንከባካቢ ነገሳ» ይላል እንጂ፣ አንድ ቀን ብቀር ጦጣዎቹ አድማ ይመታሉ፣ የአውሮፓ ሳይንቲስቶችም «ነገሳ ምን ሆነ?» ብለው ይደውላሉ። ዋናዋ ተመራማሪ ዶክተር ራቢአ ብቻ ይህን እስካሁን አላመነችም።

ሥራችን ስትሮክ ነው። ዶክተር ራቢአ ጦጣዋን በማደንዘዣ አስተኝታ አንጎሏ ውስጥ ያለች አንዲት ቀጭን የደም ሥር ትዘጋለች፤ ሰው ላይ የሚደርሰው ጦጣዋ ላይ በልኩ ይደርሳል። ከዚያ የትኛው መድኃኒት፣ የትኛውስ ልምምድ እጅን እንደሚመልስ እናያለን። እመቤት የምትባለው ጦጣችን (ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ) ቀኝ እጇ ዛለ። አንጀቴን በላችው፤ ሙዝ እየላጥኩ ማጉረስ ያዝኩ። እኔ ካጎረስኩ ደግሞ አንበሳም አፉን ይከፍታል።

ዶክተር ራቢአ ደረሰችብኝ። «ወላሂ ጋሽ ነገሳ፣ እጇን ሰነፍ እያደረጉባት ነው! ካጎረሷት ለምን ብላ ትዘረጋዋለች?»

ጤነኛ እጇን በጨርቅ እጀታ ሸፍነን፣ ኦቾሎኒ በየጉድጓዱ የተቀመጠበት ጣውላ አቀረብንላት። ተነጫነጨች፣ በጦጣኛ ሰደበችኝ። በመጨረሻ በዚያው በዛለው እጇ አንድ ፍሬ አውጥታ በላች።

ይህን ሳይ ታላቅ ወንድሜ ትዝ አሉኝ። ጋሼ ባይሳ ቡራዩን በግማሽ የገነቡ ግንበኛ ናቸው፤ ግማሹ የተገነባው በእኔ ምክር ነው። ባለፈው ክረምት ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እጃቸው ዛለ። በግራ መብላት ነውር ነው ብለው እምቢ ስላሉ ሚስታቸው አጸደ ታጎርሳቸዋለች፣ ልጃቸው ሊቤ ታጎርሳቸዋለች፣ ጎረቤት ሳይቀር ያጎርሳቸዋል። አሁን ሊቤ ልታገባ ነው። እሳቸው ግን «በአማቾቼ ፊት እንደ ሕፃን አልጎርስም» ብለው ከሰርጉ ሊቀሩ ቆርጠዋል። ሊቤ ዓይኗ እስኪያብጥ አልቅሳለች።

ዶክተር ራቢአን ባማክራት፣ «ልምምዱ ለሰውም ይሠራል፤ ግን መጀመሪያ ሐኪማቸው ይያቸው» አለችኝ። ሐኪማቸውም ፈቀደ። የእንቁላል ትሪ ላይ ኦቾሎኒ በትኜ ጋሼ ፊት አስቀመጥኩ፤ ለአጸደም «ከዛሬ ጀምሮ ማጉረስ በሕግ ተከልክሏል» ብዬ አወጅኩ።

«ምንድነው ይሄ?» አሉ ጋሼ።

«ሕክምና ነው። ሱሉልታ አንዲት ትልቅ ሴት እጇ የተመለሰው በዚህ ነው። እመቤት ትባላለች።»

«የእነማን ዘር ናት?»

«ዘሯማ ብዙ ነው ጋሼ። ጫካው በሙሉ የእነሱ ነው።»

«ባለ መሬት ናት በለኛ! ሥራዋስ?»

«እ… አብዛኛውን ጊዜ ዛፍ ላይ ነው የምትውለው።»

አጸደ ሳቋ አመለጣት። «የሊቤ አባት፣ ጦጣ ናት እኮ!»

ጋሼ በትራቸውን ሲፈልጉ ወደ በሩ ጠጋ አልኩ። «ያ ዋቃ! አንተ ቀዳዳ! እኔን ከጦጣ ጋር?» ከዚያ ትሪውን አዩ። «ለመሆኑ ትለቅመዋለች?»

«አንዷን አታስቀርም እንጂ!» አልኩ። ግማሹን መሬት ላይ እንደምታፈሰው መናገር ምን ይጠቅማል?

«ከጦጣ ላንስ ነው እንዴ?» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ኦቾሎኒው ሶፋ ሥር ተበተነ። አጸደ አላስችል ብሏት እጇን ስትልክ እንደ ትራፊክ ፖሊስ አስቆማታለሁ። ከሥራ ስወጣ ቡራዩ ጋሼ ቤት እየሄድኩ «ዛሬ እመቤት ሁለት ትሪ ጨረሰች» እላቸዋለሁ፤ ጋሼም «ውሸታም!» ይሉኝና ትሪውን ያስመጣሉ።

ሰርጉ ሲቃረብ አንድ ቀን ምሳ ቀርቦ፣ ጋሼ ጣቶቻቸውን እንደምንም ሰብስበው እንጀራ ቆረሱ። ወጡ ሸሚዛቸው ላይ ፈሰሰ፣ ከቁራሹ ግማሹ ጢማቸው ላይ ቀረ፣ የተረፈው አፋቸው ገባ። አላምጠው ዋጡ። የተበላሸውን ሸሚዛቸውን ዝቅ ብለው አዩና ወደ ሊቤ ዞሩ።

«ሱፌን ላውንደሪ አድርሺልኝ» አሏት። «ሸሚዝ ግን ሁለት ይያዝልኝ።»